ወፏ የረሳችው

በዮቅነዓም ዳገት፣ ከአራተኛ ፎቅ ላይ፣
በሶብላ የሞላ ባልዲ አለኝ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ።
በጥቅምት መጨረሻ፣ ገና ዝናብ ሳይጥል፣
አንዲት የቁራ ዘመድ፣ በክንፏ ሰማያዊ ጥለት የምትጥል፣
መጣች። አፈሬን ማሰች። አንዳች ነገር ቀበረች።
ግራና ቀኝ ገላምጣ፣ እኔን እንደ ሌባ አይታኝ በረረች።

ረሳሁት። ወፏም ረስታለች መሰል፣
በመጋቢት ብቅ አለ አንድ ቀይ ቡቃያ፣ ቅጠሉ ጥርስ የሚመስል።
"አረም ነው፣ ንቀለው" አለች ስንቅነሽ።
"ቆይ" አልኳት፣ "መጀመሪያ ስሙን ልጠይቅልሽ።"

የምሠራው ቲቮን ነው፤ ሥራዬም ከጭቃ፤
ከሁላ ረግረግ ሥር በቧንቧ የወጣ፣ የዘመናት እንቅልፉን ሳይጨርስ የነቃ።
እኔ በጣት ልክ እቆርጣለሁ፣ እጽፋለሁ ቁጥሩን፤
ዶክተር ኖጋ በአሲድ አጥባ ታወጣለች ምሥጢሩን፤
የአበባ ብናኝ ነው፣ ሦስት ስንጥቅ ያለው፣ ዓይን የማያየው።
"ና እይ" ብላ ከማጉያው አስጠጋችኝ፤ "ባሉጥ ነው ይኼ የምታየው።"

ባሉጥ!
እኛ አገር የለም እኮ። ሰሐራን አልተሻገረም፤
ፍሬ ቀባሪ ወፉም እስከ ስሜን ተራራ አልበረረም።
ለዚህ ይመስለኛል የጥንቱ ተርጓሚ፣ ብራናው ፊት ቁጭ ብሎ፣
የአብርሃምን ዛፍ ስም ሲያጣ፣ ብዕሩን ከቀለሙ በላይ ሰቅሎ፣
አሰበና፣ አሰበና፣ "አድባር" ብሎ የጻፈው፤
ቅጠሉን ስላላወቀ፣ ጥላውን ብቻ አሳለፈው።
ኖጋም "አድባር ምንድን ነው?" ብላ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች፤
ዕብራይስጤ እንደ ግትር በቅሎ እዚያው ቆማ ቀረች።

እሷ ግን ትነግረኛለች፦ የዛሬ ኀምሳ ምናምን ሚሊዮን ዓመት፣
ፈረስ ገና ውሻ ሲያክል፣ ሰው ሳይታሰብ፣ ጠላትም ሆነ ጎረቤት፣
ባሉጥ ብናኙን ለነፋስ አደራ ይሰጥ ነበር፤
በረዶ አውሮፓን ሲውጥ፣ ዘሩ ወደ ደቡብ ዳርቻ ይሰደድ ነበር።
እግር የሌለው ስደተኛ! በወፍ መርሳት የሚሄድ፣
በትውልድ አንድ ሸንተረር፣ አንዱ ሲያረጅ ሌላው ሲወለድ።
ከአንድ ግንድ አራት መቶ ዓይነት፤ ይኸኛው እሾኻም፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ፣
ያ የታቦሩ በታኅሣሥ ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ እንደ ከሰረ ነጋዴ።
ባሉጥ ከባሉጥ ሲጎራበት ይዳቀላል፣ ዘር ሳይቆጥር፤
አባቴ ቢያይ ምን ባለ ነበር፣ ሙሽራን ሰባት ቤት ሲያስቆጥር?
ተርብ ቅጠሉን ስትወጋው፣ ቁስሉ እንደ ኳስ ያብጣል፤
ስንት ዛፍ ያስቆረጠ ውል፣ ከዚያ እብጠት ቀለም ተጽፎ ይወጣል።

የሻሮን ሜዳ ጫካ ነበር አሉ፣ ጥላው መንገደኛ የሚያስት፤
ከሰል ሆነ። የቱርክ ባቡር በላው፣ በጦርነቱ ዓመት።
ጭቃው ውስጥ ግን ሁሉም አለ፤ አየዋለሁ፣ ቁጥሩን በእጄ ጽፌ፤
እዚህ ሲበዛ፣ እዚህ ሲሳሳ፣ እዚህ መጥረቢያ፤
ሺህ ዓመት ከምሳ በፊት አልፌ።

ማታ ስመለስ ባልዲው ተሰንጥቋል።
ቡቃያው ከስንዝር አይበልጥም፤ ሥሩ ግን ክንድ ሆኖ ወለሉን ያንኳኳል።
እሱ መጀመሪያ ወደ ታች ነው፤ ቅጠል የሚያወጣው ኋላ፤
እኛን ግን ገና ከአውሮፕላን ስንወርድ፣ አብቡ አሉን በችኮላ።

"ስሙን ጠየቅህ?" አለችኝ ስንቅነሽ፣ ጓሮ ድረስ ተከትላ።
"ሁለት ነው" አልኳት፣ ጉድጓድ እየማስኩ ከቆሻሻ ገንዳው ጥላ።
አንዱንም ሳትጠይቀኝ፣ ባዶውን ባልዲ ይዛ ሳቀች፤
ከመብራት ሽቦው ላይ ወፏ፣ "ሌባ!" ብላ ሰፈሩን አስጠነቀቀች።